መንጠቆን ከአረም መሰወር
በፊላና በደንገል መካከል ዓሣ ስለማጥመድ የተዘጋጀ ትምህርት



በ31 ሜይ ሰፈር ተቀምጦ ስለ ዓሣ ማጥመድ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እዚህ ውኃ ማለት በአህያ ጋሪ በበርሜል የሚመጣ፣ በጀሪካን ተለክቶ የሚከፈልበት ነገር ነው። የከተማው ወንዝ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ሰዓት ደፍርሶ ይወርድና ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። ሆኖም ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያደረጉን ሁለት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ከሩቅ የመጣ ዕቃ ነው። በመልሶ ማስፈር ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት የሄደ የሰፈራችን ልጅ ባለፈው ዓመት ለቤተሰቡ ልብስና ጫማ ሲልክ ለእኛም አንዲት ትንሽ ፌስታል ጨምሮልን ነበር። ስንከፍታት ጣት የሚያህሉ፣ ለስላሳ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ያላቸው የፕላስቲክ ትሎች ተገኙ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት አንዱን ነክሶ ተፋው። እኛና ላኪው በልጅነታችን ዝዋይ ሐይቅ ዳር አብረን ዓሣ እናጠምድ ስለነበር ዕቃው ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባን። አሠራሩን ግን አላወቅነውም፤ በስልክ እያስረዳን ቀስ በቀስ ተማርነው።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ያሳስበናል። በማታው ክፍላችን ከሚማሩት ወጣቶች ሁለቱ ወደ በርበራ ወርደው ከዓሣ አጥማጆች ጋር ለመሥራት አስበዋል። ሌሎች ቤተሰቦች ደግሞ ሁኔታው ሲፈቅድ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር አካባቢ ስለ መመለስ ይነጋገራሉ። ልጆቻቸው ግን ያደጉት እዚሁ ስለሆነ ሐይቅን የሚያውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ «ሐይቅ ከቢርካ ይበልጣል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይቶ ግን ነገሩ አሳዘነን። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር።

ውኃውን ስለማወቅ

ደምበል ተብሎም የሚጠራው ዝዋይ ሐይቅ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም ማለት አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም በአብዛኛው ቦታ ራሱ ከውኃ በላይ ይሆናል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ በጠለቀበት ቦታም 14 ሜትር ገደማ ነው። ሐዋሳ ከሁለቱም በስፋት ያንሳል፣ በአማካይ ጥልቀት ግን ይበልጣቸዋል። የሦስቱም ዳርቻ ተመሳሳይ ነው፤ ውኃው ከጉልበት እስከ ደረት ይደርሳል፣ በውስጡም ፊላ፣ ደንገልና ከሥር የሚበቅል የውኃ ሣር ሞልቶበታል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭም በጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ተጨምሯል። ቆቃ ላይማ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ሲያስቸግር ቆይቷል።

ዓሣው ለምን እዚያ አረም ውስጥ ይገባል? ጥላ ያገኛል፤ በአረሙ ግንድ ላይ የሚጣበቁትን ነፍሳትና ቀንድ አውጣዎች ይበላል፤ ጫጩቶቹም ከአሞራና ከትልልቅ ዓሣዎች ይሰወሩበታል። ቆሮሶ በጥልቁ ሳይሆን በዳርቻው፣ ወንዱ በአፉ በሚቆፍረው ጎድጓዳ ቦታ ይራባል። ሴቷም እንቁላሉን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈል ትጠብቃለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ፊላውና ሣሩ የዓሣው ቤትም ማሳደጊያም ነው። ትናንሾቹ ባሉበት ደግሞ ትናንሾቹን የሚበሉ አይጠፉም። አምባዛ በተለይ ሲመሽ ወደ ዳር እየወጣ በሣሩ ሥር በጢሙ እየዳበሰ ያድናል።

የእኛ የልጅነት ችግር

ዝዋይ ዳር ስናጠምድ የነበረን ዕቃ ሸንበቆ፣ ናይሎን ክርና አንዲት መንጠቆ ነበር። በመንጠቆዋ ላይ የመሬት ትል እንሰካና ወደ ፊላው ጠርዝ እንወረውራለን። ከአምስት ጊዜ አራቱን መንጠቆዋ የምትይዘው ዓሣ ሳይሆን የፊላ ሥር ነው። መንጠቆ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ ክሩን በጥሶ መተው አይታሰብም። ሱሪያችንን አውልቀን እስከ ወገብ እንገባና በእጃችን ፈልገን እናላቅቃለን። በቀን አሥር ጊዜ መግባት የተለመደ ነበር።

ዋጋውን የከፈልነው በኋላ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜያችን ሆዳችንን መቁረጥ፣ ከሰገራ ጋር ደም መውጣት፣ ትንሽ ሮጦ መድከም መጣ። አንድ ጤና ጣቢያ ለብዙ ወራት «አሜባ ነው» እያለ መድኃኒት ሰጠን። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ሰገራችን ሲመረመር ቢልሃርዝያ መሆኑ ታወቀ፤ ፕራዚኳንቴል የተባለውን ክኒን ውጠን ዳንን። ያ አሁን በሚኒሶታ የሚኖረው ጓደኛችንም እንደዚሁ ታሞ ነበር። አንድ ሌላ አብሮ አደጋችን ግን ሳይታከም ብዙ ዓመት ስለቆየ ጉበቱ ተጎድቶ ሆዱ ውኃ ቋጠረ። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ቀጥሎ የምንገልጸው የመንጠቆ አሠራር ለምን ከጨዋታ በላይ እንደሆነ እንድትረዱልን ነው።

ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበትና ቀስ ብሎ በሚንቀሳቀስ ውኃ ነው። የበሽታው ትል እንቁላል ከሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ተፈልፍሎ በውኃው ሣር ላይ ወደሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይገባል፤ እዚያ ተራብቶ እንደገና ይወጣና የሰውን ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በስቶ ይገባል። የሚወጣውም በአብዛኛው ፀሐይ በሞቀበት ሰዓት፣ ይኸውም ልጆች በሚዋኙበት ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ አገራችን የምትኮራበት ሰው አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየና እንዶድ እንደሚገድላቸው በምርምር አረጋገጠ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ስለሚጎዳ ማንም እየተነሣ ሐይቅ ውስጥ የሚጨምረው ነገር አይደለም።

በቢልሃርዝያ ላይ ጉማሬ አለ። ጫሞና አባያ ከሆነ ደግሞ አዞ አለ። እንግዲህ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ፣ ውኃ ሳይነኩ፣ አረም ውስጥ መንጠቆ ወርውሮ ያለ ችግር መልሶ መሳብ የሚቻልበት ዘዴ ካለ መማሩ ተገቢ ነው።

ዘዴው በአጭሩ

ዘዴው የመንጠቆውን ሹል ጫፍ ለስላሳ በሆነው ምግብ ሥጋ ውስጥ መደበቅ ነው። አረሙ መንጠቆውን የሚነካው ከፊት እየታከከ ስለሆነ የሚያገኘው ልሙጥ አካል ብቻ ነው። ዓሣ ግን ከላይና ከታች በመንጋጋው ይጨምቃል። ለስላሳው ሲጨመቅ ሹሉ በስቶ ይወጣል።

ይህን በክፍል ውስጥ ሞክረነዋል። ከአሮጌ ስፖንጅ ጫማ ላይ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆረጥን፤ መርፌ ቁልፍ ቆልምመን መንጠቆ አደረግን፤ ከፍየሎቹ በረት የግራር እሾህ ቅርንጫፍ አምጥተን ወለሉ ላይ አነጠፍን። ባዶውን መንጠቆ በክር ስንጎትተው ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን እሾኩ ያዘው። ሹሉን በስፖንጁ ውስጥ ደብቀን ስንጎትተው አንድ ጊዜ ብቻ ተያዘ። ከዚያም አንድ ተማሪ ስፖንጁን በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በኃይል ጨበጠው፤ ክሩን ስንነጥቀው ሹሉ ወጥቶ ጨርቁን ያዘ። የዚያን ቀን ትምህርት ያን ያህል ጸጥታ የሰፈነበት ክፍል አይተን አናውቅም።

ለስላሳው የፕላስቲክ ትል ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሪም የተባለ ሰው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ከቪኒል ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። በኋላ ሥራው ወደ ቴክሳስ ግዛት ዞረ። አሁን የምናስተምረው ሹሉን የመደበቅ አሠራርም በዓሣ አጥማጆች ዘንድ የቴክሳስ አሠራር ተብሎ ይታወቃል። እዚያ በየግድቡ ሐይቅ ውስጥ ሣርና የሰመጠ ዛፍ ስለሚበዛ አጥማጆቹ የነበረባቸው ችግር የእኛው ችግር ነበር ማለት ነው።

አሠራሩ

የሚያስፈልገው መንጠቆ ከቀለበቱ በታች አንገቱ ሁለት ጊዜ የተሰበረና ሆዱ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። 15 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ትል 3/0 ቁጥር ይበቃል። አንገቱ ቀጥ ያለ መንጠቆም ያገለግላል፤ ትሉ ግን ቶሎ ወደ ታች ይንሸራተታል። ክሩ ጠንካራ ይሁን። በአረም ውስጥ ቀጭን ክር ማለት የተበጠሰ ክር ማለት ነው፤ ቢያንስ 7 ኪሎ የሚችል ይፈለጋል።

መጀመሪያ እርሳሱን ክሩ ላይ እናስገባለን። እርሳሱ የጥይት ቅርጽ ያለውና መሐሉ የተበሳ ሲሆን ሹል ወገኑ ወደ አጥማጁ፣ ሰፊው ወገን ወደ መንጠቆው መዞር አለበት፤ ሲሳብ አረሙን የሚከፍለው ይኸው ሹል ወገን ነውና። ጥልቀት ለሌለው ውኃ ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። አረሙ በጣም የጠበቀ ከሆነ እርሳሱ ወደ ላይ ሸሽቶ ትሉን ጥሎት እንዳይሄድ የክብሪት እንጨት ቀዳዳው ውስጥ ሽጉጦ መስበር ነው። በአረሙ አናት ላይ ብቻ ለሚጎተት ትል እርሳስ ጭራሽ አያስፈልግም።

ቀጥሎ መንጠቆውን እናስራለን። ክሩን አጥፈን ድርብ እናደርግና እጥፉን በመንጠቆው ቀለበት ውስጥ እናሳልፋለን። በድርቡ ክር ልል የሆነ ተራ ቋጠሮ እንቋጥራለን፤ ከዚያ የእጥፉን ዓይን ሰፋ አድርገን መንጠቆውን በሙሉ በውስጡ እናሾልከዋለን። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ናይሎን ደረቁን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይዳከማል። ብዙ ዓሣ የሚያመልጠው በመንጠቆ ሳይሆን በቋጠሮ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ወደ በርበራ ለምትወርዱት ወጣቶችም ከዚህ ትምህርት ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ይኼ ቋጠሮ ነው። እዚያ ባሕር እንጂ ፊላ የለም፤ የሚታሰር መንጠቆ ግን አለ።

አሁን ትሉን እንያዝ። የመንጠቆውን ሹል በትሉ ራስ መሐል ቀጥ አድርገን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል እናስገባና በጎን እናወጣዋለን። ትሉን ወደ ላይ እስከ መንጠቆው አንገት ስብራት ድረስ እንገፋዋለን። ከዚያ መንጠቆውን ግማሽ ዙር እናዞረዋለን፤ ሹሉ ወደ ትሉ ሆድ ይመለከታል። እዚህ ላይ ሁሉም ተማሪ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ በግምት ይወጋል። መንጠቆውን በትሉ ጎን ላይ አስተኝታችሁ የመንጠቆው እጥፋት የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራችሁ ምልክት አድርጉ። በዚያው ምልክት ላይ ትሉን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ ሹሉን ወደ ውስጥ አስገቡ። ጫፉ በሌላው ወገን ሊወጣ ሲል ቆዳውን ብቻ ለብሶ ይቁም። ትሉ ቀጥ ብሎ እንደ ተሰቀለ ክር መውረድ አለበት። ከተጣመመ ወይም ከተጨማደደ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ክሩን ያጠማዝዘዋል፤ ዓሣውም ይጠረጥራል። አውጥቶ እንደገና መሥራት ነው።

ፕላስቲክ የሌለውስ? አብዛኞቻችን የለንም። ከዓሣ ሆድ ቆዳው ጋር የተቆረጠ ረጅም ሥጋ፣ የታጠበ የጨጓራ ቁራጭ ወይም የዶሮ አንጀት በዚሁ መንገድ ሊሰካ ይችላል። እንዲያውም ለአምባዛ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ አምባዛ ከዓይኑ ይልቅ በሽታና በጢሙ ያምናል። የብስክሌት ካላማዳሪም ሞክረናል። ይደርቃል፣ ሲጨመቅም ሹሉን አያወጣም፤ አንመክርም።

የትኛው ዓሣ ይይዛል የሚለውን በግልጽ እንናገር። ቆሮሶ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ ያለ ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር የሚመገብ ስለሆነ የፕላስቲክ ትል ቢያይም ብዙ ጊዜ ዝም ይለዋል። ቆሮሶ ለሚፈልግ ትንሽ መንጠቆ፣ የመሬት ትል ወይም ሊጥ ይዞ ከአረሙ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ይሻላል። ለስላሳው ትል የሚያገለግለው ለአዳኝ ዓሣ ነው። ጫሞ ሐይቅና ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ላይ ናይል ፐርች አለ። ጣና ውስጥ ደግሞ ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን 15 ያህል ዝርያዎች በተመራማሪዎች የተለዩ ሲሆን ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ይህ በዓለም ላይ እጅግ የሚደነቅ ነገር ነው፤ የዚህ ወገን ዓሣ በሌላ ቦታ እምብዛም አዳኝ አይሆንምና።

አወራወርና አሳሳብ

ከአረሙ ክፍተት ትንሽ አሳልፋችሁ ወርውሩ። ዝም ብላችሁ ትሉ እስኪሰምጥ ጠብቁ። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ዝቅ አድርጉት፤ ትሉ ሽቅብ ሄዶ ተመልሶ ይወርዳል። ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሲወርድ ነው። ስለዚህ ክሩ ሲላላ ዓይናችሁ ከክሩ ላይ አይነሣ። ክሩ ድንገት ጠብ ካለ ወይም በጎን መሄድ ከጀመረ ዓሣ አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወዲያው አትንጠቁ። የላላውን ክር ጠቅልላችሁ ክብደቱ ሲሰማችሁ በአንድ ጊዜ በኃይል ሳቡ፤ ሹሉ መጀመሪያ ትሉን፣ ቀጥሎ የዓሣውን አፍ መብሳት አለበትና ቀስ ያለ አሳሳብ አይበቃውም። ከያዘም በኋላ አትፍቱለት። አረም ውስጥ አንድ ጊዜ ከገባ ክሩን በግንድ ላይ ጠምጥሞ ያመልጣል።

መንጠቆው ራሱ አረም ከያዘ አትታገሉት። ክሩን አላሉት፣ ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ሄዳችሁ ከሌላ አቅጣጫ ሳቡ። አሁንም እምቢ ካለ በጥሱት። አንድ መንጠቆ ከአንድ ጉበት አይበልጥም።

ሹሉ መደነዙን ለማወቅ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት። ከቆመ ስለታም ነው፤ ከተንሸራተተ በጥሩ ሞረድ ወደ ጫፉ እየሳባችሁ ሳሉት።

የፕላስቲክ ትሎቹን በሚመለከት፣ በዘይት የለሰለሱ ስለሆኑ በማንኛውም ላስቲክ ዕቃ ውስጥ አይቀመጡም። የእኛዎቹን በአንድ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ብናስቀምጣቸው የምሳ ዕቃውን ታች አቅልጠው ተጣበቁበት። በመጡበት ፌስታል ይቀመጡ። የተቀደደውንም ውኃ ውስጥ አትጣሉ፤ ዓሣ ከዋጠው በሆዱ ውስጥ አይፈጭም።

ስለ ብርብራም አንድ ቃል። በአገራችን አንዳንድ ወንዞች ላይ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ዓሣ ያስገኛል፤ ጫጩቱንም እናቱንም ግን አብሮ ይጨርሳል። በጣም ጠባብ ዓይን ባለው መረብ ዳርቻውን መጥረግም ከዚህ አይለይም። መንጠቆ አንድ አንድ እያለ ይይዛል፤ ትንሹ ዓሣ ከተያዘም ሳይሞት ይመለሳል።

መንጠቆ ጣት ላይ ሲሰካ

ክፍላችን ውስጥ ሁለት ጊዜ ደርሷል፤ አንዱ እኛው ላይ ነው። መንጠቆ ወደ ኋላ የዞረ ትንሽ ሹል ስላለው በመጣበት መንገድ በጉልበት ቢጎተት ሥጋ ይዞ ይወጣል። ጠንካራ ክር በመንጠቆው እጥፋት ዙሪያ አዙሩ። በሌላ እጃችሁ የመንጠቆውን ቀለበት ወገን ወደ ቆዳው ዝቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ይህ ወደ ኋላ የዞረውን ሹል ከሥጋው ያላቅቀዋል። እንደ ተጫናችሁ ክሩን ከቆዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ፈጥናችሁ ንጠቁት። በመንጠቆው አቅጣጫ ማንም ሰው አይቁም፤ ሲወጣ ይወረወራል። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ እጠቡ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልተወጋ ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። መንጠቆው ዓይን ላይ ወይም ዓይን አጠገብ ከተሰካ ግን አትንኩት። ክሩን ብቻ ቆርጣችሁ፣ እንዳይነካካ አንዲት ኩባያ ደፍታችሁበት፣ ልጁን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።